ለአባቴ ያልተረጎምኩት በሽታ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬሰርነት ትምህርቴን ጨርሼ ነጭ ጋውን የለበስኩ ሰሞን፣ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። የበሽታ ስም የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ካንሰር፣ ቲዩመር፣ ሜታስታሲስ እያልኩ በቀይ ቀለም አሰምርበታለሁ። ከጓሳ ተራራ ሥር ወዳለው ቀያችን ስሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ምላሱንና ሆዱን ያሳየኛል። እኔም ከደብተሬ አንድ ቃል መዝዤ እወረውርለታለሁ። ምንም ሳይገባው መርቆኝ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጅል ነበርኩ።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ደብር ቀድሰዋል። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ መጀመሪያ ቆሎ አልወርድ አላቸው፤ ቀጥሎ የገብስ ዳቦ፤ ኋላ በሶውም ደረታቸው ላይ እየቆመ ይመለስ ጀመር። ማስመለሱ ሲደጋገም ቅዳሴውን በራሳቸው ፈቃድ ተዉ። የተቀበሉት ቅዱስ ሥጋ ተመልሶ ቢወጣ፣ ለአንድ ካህን ከዚያ የከፋ ነገር የለም። ሰው ስለ እህሉ ያዝንላቸዋል፤ እሳቸው የሚያዝኑት ግን ስለ ቁርባኑ ነበር።

በግንቦት እኔና አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የመኪና መንገድ እስኪገኝ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አድርገን አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረስናቸው። ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሷቸው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ የምግብ መውረጃቸው ክር አህሎ መጥበቡን አሳየኝ። ካንሰር ነው፣ ጉበታቸው ድረስ ሄዷል፣ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም፣ ለአባትህ ንገራቸው አለኝ። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። ሜታስታሲስ ማለት በሽታው ከተነሣበት ወጥቶ ሌላ ቦታ ጎጆ ሲቀልስ ነው። ይህን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር።

አጎቴ የነገርኳቸውን ሰምተው ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። በእኛ አገር መርዶ እንኳ እንደ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ገና ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። የሌላው ሞት እንዲህ የሚነገር ከሆነ፣ ሰው የራሱን ሞት በጠራራ ፀሐይ ከልጁ አፍ ይስማ ወይ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ስለነበር መከልከሌን ወደድኩት።

ስገባ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የበሽታውን ስም ተወው። ይህ ማስመለሱ ይለቀኛል ወይ?»

«ቁስለት ነው አባባ። በሁለት ወር ይለቅዎታል።»

ሁለት ወር የምትለውን ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ አላላትም፤ ደብተሬም ውስጥ የለችም።

በሰኔ መግቢያ ቀያችን ተመለስን። የንስሐ አባታቸው፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ፣ ሊጠይቋቸው መጡ። ያን ጊዜ አባቴ ቀጠን ያለ አጥሚት ይወርድላቸዋል፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት አያስመልሳቸውም ነበር። መነኩሴው ይህን ሲሰሙ ሳይውል ሳያድር በመጪው እሑድ ላቁርብዎ አሏቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ ሁለት ወር ብሎኛል፤ እያስመለሰኝ ከምዳፈር ታግሼ ለፍልሰታ ድኜ እቀበላለሁ አሉ። መነኩሴው ወደ እኔ ዘወር ብለው እንዲህ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። አጎቴ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አዎ» አልኩ።

ክረምቱ በዚያች አዎ ላይ ገባ። የአባቴ በርኖስ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ፤ ከውስጡ ትከሻቸው ብቻ ቀረ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ይዞ መጣ። እኔ ጉበታቸው መሆኑን አውቃለሁ። እግራቸው አበጠ፣ ድምፃቸው ሰለለ። ደብተሬ ለእያንዳንዱ ስም ነበረው፤ ከስም በቀር ምንም አልነበረውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባቴ ምን ደበቁ? የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ፍልሰታ ሲገባ ምራቃቸው እንኳ አልወርድ ብሎ በጨርቅ ይቀበሉት ነበር። መነኩሴው መጥተው፣ ቁርባኑ ይወርድላቸው እንደሆነ ለሙከራ በማንኪያ ጥቂት ውሃ ሰጧቸው። ተመለሰ። ደገሙ፤ እሱም ተመለሰ። ማንኪያውን አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አባቴ እኔን በእጃቸው ጠቀሱኝ። ሐኪሙ በእውነቱ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ አይድኑም ብሎኝ ነበር አልኩ።

«በግንቦት?»

«በግንቦት።»

ምራቃቸውን በጨርቁ ጠረጉ።

«ታዲያ መነኩሴው እሑድ ሲሉኝ አጥሚቱ ይወርድልኝ ነበርኮ» አሉ።

አልተቆጡም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገሩን ያቆረቡ ሰው ለራሳቸው ሳይደርሳቸው ሄዱ። መነኩሴው እግዚአብሔር ሐሳባቸውን ይቆጥርላቸዋል አሉኝ። ይቁጠርላቸው። እኔን አላጽናናኝም፤ ዛሬም አያጽናናኝም።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው እንደተቀመጠ አጎቴ ብድግ ብለው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

«ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። «አባቱን ሳያስደነግጥ ሸኛቸው።»

ሽማግሌዎቹ ልጅህም እንዲሁ ያድርግልህ ብለው መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።