ግማሽ ፊቴና የውርጯ አሮጊት

መጀመሪያ የከዳኝ ከንፈሬ ነው። ሠዓሊ ነኝ። ቀጭን መስመር ላወጣ ስል የብሩሹን ጫፍ በከንፈሬ ይዤ አሾለዋለሁ፤ ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ሸራዬ ፊት ተቀምጬ ብሩሹን ወደ አፌ ሳስጠጋ ከንፈሬ አልገጥም አለ። ሰማያዊ ውሃ በቀኝ በኩል በአገጬ ወረደ። ጠረግሁትና ደገምኩ። እንደገና ወረደ።

ከዋዜማው ጀምሮ ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ያመኝ ነበር። ከአንኮበር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ስለመጣሁ፣ የታኅሣሥ ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። ቁርስ ላይም ሻዩ በአንድ በኩል ጣዕም አልነበረውም። አሁን ተነሥቼ መስተዋት አየሁ። የፊቴ ቀኝ ጎን ተኝቷል። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ግራው ብቻ ሄደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኙ አልተከደነም።

እየሣልኩ የነበረውን ሳልናገር ሕመሜን መናገር አልችልም። ሞይራ የምትባል አየርላንዳዊት ሸማኔ ከሱፍ ፈታዮች ጋር ልትሠራ ደብረ ብርሃን መጥታ ወዳጄ ሆናለች። የጥንት ወገኖቿ ኬልቶች ዓመትን እንደ መንኮራኩር ክብ አድርገው ያዩ ነበር፤ ለየወቅቱም አንዲት ሴት አምላክ ነበረቻቸው። ሞይራ አራቱን ሴቶች በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል፣ ዓይናቸው ጎላ ጎላ ብሎ፣ በአንድ ክብ ውስጥ እንድሥልላት አዘዘችኝ። ሥራው አጓጓኝ፤ ነገር ግን ፈራሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በአንኮበር ደብሮች ግድግዳ ላይ ሲሥሉ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ነው እኔ ዘንድ የመጡት። ሳማክራቸው ጢማቸውን እያሻሹ፣ እኛም መፀው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት የምንላቸው አራት ክፍላተ ዘመን አሉን፤ ዓመቱንም ዐውድ ያልነው ክብ ስለሆነ ነው አሉኝ። ሊሰገድላቸው ካልሆነ፣ እንደ ወቅት አድርገሽ ሣያቸው ብለው ፈቀዱልኝ።

ሦስቱ አልከበዱኝም። በጥር መገባደጃ ብርሃንና የበግ ወተት ይዛ የምትመጣውን ብሪጅድን ግልገል አስታቀፍኳት። የበጋዋን ሴት ፀሐይ ደፋሁላት። የመከሯን ሴት ደግሞ የእነዋሪን ስንዴ አሸከምኳት፤ እሷስ የሞረትና ጅሩ ሰው ትመስል ነበር። ያስቸገረችኝ አራተኛዋ ናት። ካሊያክ ትባላለች። የውርጭ አሮጊት ናት፤ ተራራ በመዶሻ የምትጠርብ፣ ፊቷ ሰማያዊ፣ ዓይኗ አንድ። በእኛ ሙያ አንድ ዓይን ሲባል የሚገባን አንድ ነገር ነው። ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንሥላለን፤ ይሁዳን፣ ሰይጣንን፣ ጌታን የገረፉትን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ስለዚህ አሮጊቷንም በጎን ሣልኳት። ሞይራ ስታያት ከፋት። ክፉ እኮ አይደለችም፣ ምድርን የምታሳርፍ ናት፣ ያለ እሷ ብሪጅድ አትመጣም አለችኝ። እኔም አንድ ዓይና ሆኖ ፊቱን ወደ ሰው ያዞረ በእኛ ሥዕል የለም ብዬ ድርቅ አልኩ። በዚሁ ክርክር መሃል ነው የራሴ ፊት ለሁለት የተከፈለው።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ገና ከበር ሲያዩኝ አማተቡ። የሰው አገር ጣዖት ስትሥዪ ጋኔን በጥፊ መትቶሽ ነው አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ደንግጠው ነው። ሌላዋ በትኩስ ጨው ታሺ አለች፣ ሌላዋ ቅጠል አመጣች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እኔም ሁሉንም ልሞክር ተዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። ጠበሉ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ ብለው በዚያው ጠዋት ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዛሬ ሳስበው ዓይኔን ያተረፈው የመጀመሪያው ነገር ይህ የቄስ ውሳኔ ነው።

ዶክተሯ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ቅንድብሽን አንሺ፣ ጉንጭሽን ንፊ፣ እጆችሽን ዘርጊ አለችኝ። እጆቼ እኩል ቆሙ። አባቴ ስትሮክ ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

«አይደለም አባ። ስትሮክ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ግንባሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ይሄ ቤልስ ፓልሲ ይባላል። የፊትን ጡንቻ የሚያዘው ሰባተኛው ነርቭ አብጦ ነው።»

መንስኤው በእርግጠኝነት እንደማይታወቅ፣ ብዙ ጊዜ ግን ቫይረስ እንደሚጠረጠር ነገረችን። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን፣ ለቀን የዓይን ጠብታ፣ ለሌሊት ቅባት አዘዘችልኝ። ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር እንድዘጋም አሳየችኝ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀች። ሠዓሊ ነኝ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ፊትሽ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምፈራው ለዓይንሽ ነው። ካልተከደነ ይደርቃል፣ ኮርኒያው፣ የዓይንሽ የፊት ሽፋን፣ ይቆስላል። ጠባሳ ከያዘ ፊትሽ ቢድን እንኳ ዓይንሽ እንደነበረው አያይም።»

ብሩሽ አፍ ውስጥ መክተቱንም ተዪ አለችኝ፤ ቀለም ምግብ አይደለም።

ቤት ገባሁ። ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። ገና መጣ፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ስበላ ምግቡ በጉንጬ ውስጥ ይቀራል። ስናገር «በ» እና «ፐ» ከአፌ ያመልጣሉ። መስተዋት ውስጥ የማያት ሴት ዕድሜዬን ሙሉ በጎን ስሥላቸው ከኖርኩት መሃል አንዷ ነበረች። አፈርኩ። አለቀስኩም፤ የቀኙ ዓይኔ ግን ያለ እኔ ፈቃድም ያነባ ነበር።

አንድ ጠዋት አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረኝ ነቃሁ። ፕላስተሩ በቅባቱ ላልቶ ተላቋል። ዓይኔ ቀልቷል። መስኮቱን አየሁ። ጭጋግ ነው። ግራውን ሸፍኜ እንደገና አየሁ። አሁንም ጭጋግ። ግራውን ገለጥኩ። ውጭው ብራ ነበር።

ዶክተሯ ዓይኔ ላይ ቢጫ ቀለም ጨምራ በሰማያዊ መብራት አየችኝ። ቁስል አለ አለች። ጥልቀቱን አሁን መናገር አልችልም፣ እንጠብቅ። ሌላ መድኃኒት ጨመረችልኝ፤ ዓይኔን ዘግታ በፕላስተር አሸገችውና በቀጠሮ ሰደደችኝ።

ከቀጠሮው በፊት አባቴ ሸራው ፊት ተቀምጠው ቆዩኝ። የተሸፈነውን ፊቴን አይተው፣ በጎን የቆመችውን አሮጊት አይተው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ በጎን የምንሥለው ዓይኑ የጎደለውን አይደለም። ፊቱን ከእግዚአብሔር ያዞረውን ነው። አንቺ መቼ ፊትሽን አዞርሽ?»

ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አወረዱት። በጎን መሣሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ ሕግ ነው፤ ትርጉሙን ግን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

አሮጊቷን በነጭ ቀለም አጠፋኋትና እንደገና ጀመርኩ። በአንድ ዓይን መሣል ከባድ ነው፤ ብሩሹ ሸራው ላይ የደረሰ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ሥያለሁ። ቢሆንም ፊት ለፊት አቆምኳት። አንዱ ዓይኗ እንደ ጻድቃን ዓይን ጎልቶ የተከፈተ፣ አንዱ የተከደነ፣ ከንፈሯ ወደ ግራ የሸሸ፣ ጥቁር የመንዝ በርኖስ የደረበች፣ ፊቷ የጥቅምት ማለዳ ሜዳችን ላይ እንደሚተኛው ውርጭ ሰማያዊ። ሞዴል አላስፈለገኝም፤ መስተዋቱ በቂ ነበር። በእሑዱም ነጠላዬን እንደ ሰው ትከሻዬ ላይ አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ያየኝ አየኝ።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሯ ፕላስተሩን ላጠችው። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፊደላት አስነበበችኝ። ታች ያለውን ትንሹን መስመር አነበብኩ። ቁስሉ ላይ ላዩን ነበር፤ ሽሯል። አባቴ ተመስገን ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዝግ ያለ ቢሆንም ወደ መዳን ነበር፤ መጀመሪያ የአፌ ጥግ እንደ ክር ስትሳብ ተሰማችኝ፣ ቆይቶ ሻዩ በሁለቱም በኩል ጣፈጠኝ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ደግሞ ቅንድቤ ተነሣና አባቴን ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ በር ላይ አስቁሜ አሳየኋቸው። ፋሲካ ሳይደርስ ንጹሕና ደረቅ ብሩሽ አንሥቼ በከንፈሬ ያዝኩት፤ ያዘ። ለዶክተሯ ቃል በገባሁት መሠረት ልማዱን ትቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን ላረጋግጥ ግድ ነበር። ዛሬ የቀረኝ ስስቅ የቀኝ ዓይኔ ትንሽ መጥበቡ ብቻ ነው። ነርቩ ሲያድግ መንገድ ስቶ ነው አለችኝ። እኔ ምልክቴ ነው እላለሁ፤ አልደብቀውም።

ሞይራ ሥዕሉን ልትወስድ ስትመጣ ክቡ ፊት ቆመች። ካሊያክ እንዲህ ተሥላ እንደማታውቅ ነገረችኝና ለዚህች አሮጊት ማን ተቀመጠልሽ አለች። እኔ ሳልመልስ አባቴ ቀደሙኝ። በሕይወታቸው አንዲት ሥዕሌን አመስግነው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ልጄ ናት» አሉ፤ «ፊቷን ያላዞረች።»

ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ የምለው ጥቂት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ፊታችሁ በአንድ በኩል ከወደቀ ስትሮክም ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቤልስ ፓልሲ ከሆነም ኪኒኑ በደንብ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ሲጀመር ነው። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። ከሁሉ በላይ ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ፕላስተሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ቅባቱን ከቆዳችሁ ላይ አድርቁ፣ ከአቧራና ከነፋስ ሽሹ። ለዶክተሯ፣ ፈርተው ቢያማትቡም በየቀኑ በሬን ላንኳኩት ለእትዬ ብርቄ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሥዕል ለሰጡት ለአባቴ ምስጋናዬ የበዛ ነው።

የውርጯ አሮጊት ዛሬ ከሱፍ ፈታዮቹ ቤት ግድግዳ ላይ ናት። የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ በአንድ ዓይኗ ቀጥ ብላ ታየዋለች። እናንተም መስተዋት ፊት ስትቆሙ በጎን አትቁሙ።