የእማማ ኪኩ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ላስ ቬጋስ ላይ ዝናብ ጣለ። ሺፍቴን ጨርሼ ከሆስፒታሉ ስወጣ የረጠበ ድንጋይ ሽታ ተቀበለኝ፤ እማማ ኪኩ ትዝ አሉኝ። አላለቀስኩም። እዚህ ሥራ ላይ ሲከርሙ ልብ ይደነዝዛል።

እማማ ኪኩ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ካዚኖ ስትሠራ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እሳቸው ዘንድ ነው። ሶፋቸው በላስቲክ የተሸፈነ፣ በሙቀት ጭኔ ላይ የሚጣበቅ ነበር፤ ቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። የተወለዱት ኦኪናዋ በምትባል የጃፓን ደሴት ሲሆን፣ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ነው የመጡት። በራቸው ላይ ጡጫ የምታክል ነጣ ያለች ድንጋይ ነበረች። በየጠዋቱ አንድ ስኒ ውሃ ያፈሱባታል፤ ወዲያው ትውጠዋለች።

"ወይ ጉድ፣ ሴትዮዋ ድንጋይ ያጠጣሉ እኮ! ችግኝ መሰለቻቸው?" ትል ነበር እናቴ።

አንድ ቀን እማማ ኪኩ ታሪኳን ነገሩኝ። ከመንደራቸው በላይ ኮረብታው ላይ የጥንት ግንብ ፍርስራሽ አለ። ቅጥሩ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እየተገጠመ የተሠራ ነው፤ ኮረብታውን ተከትሎ እንደ መቀነት ይጠማዘዛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቱ የፈረሰበት ሁሉ ከዚያ ድንጋይ አመጣ። የእሳቸውም አባት የአሳማ በረት ሠሩበት። በዓመቱ የእማማ ኪኩ ታናሽ ወንድም ሞተ። ግንቡ ውስጥ የሚጸልዩ አንዲት አሮጊት "የተቀደሰ ቦታ ነው፣ መልሱ" ሲሉ፣ አባትየው በረቱን አፍርሰው ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው መለሱ። አንዷ ብቻ ቀረች። እሷን ኪኩ የዕቃ ዕቃ ምድጃ አድርገው ደብቀዋት ነበር።

"ዝናብ ጠጥታ ያደገች ናት። እኔ ካልቻልኩ አንቺ መልሺልኝ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እሺ ማለት ምን ይከብደዋል።

ኮሌጅ እያለሁ ድንጋይዋን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኛ በር ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ሰሞን አጠጣኋት፣ ከዚያ ተውኩ። ሁለቴ የኦኪናዋ ቲኬት ቆርጬ ለኦቨርታይም ብዬ ካንስል አደረግሁ። አምና እናቴ ሣሩን አስነቅላ ግቢውን ነጫጭ ድንጋይ ስታስደፋበት እሷንም ከመሃል ወረወረቻት። አደራ መሆኗን መቼ ነግሬያት! ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" አለች። ተንበርክከን ፈለግን፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ጡጫ የሚያክል። ተውነው። ምንም አልተሰማኝም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

በዚያ በዝናቡ ቀን ቤት ስደርስ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ግቢውን አየሁ። ድንጋዩ ሁሉ ደርቋል። አንዷ ብቻ ጠቁራ፣ ውሃዋን ይዛ ተቀምጣለች።

እናቴን ጠራኋት። አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርጋት ስትል "ተያት፣ እንደረጠበች ትሁን" አልኳት።

ቲኬቴ ለሐሙስ ነው። እስከዚያ በር ላይ ናት። ዛሬ ጠዋት ላጠጣት ስወጣ እናቴ ቀድማኛለች፤ ስኒ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ እያለች ታፈስባት ነበር።