ከማሳችን የወጣው የባልጩት ጦር

ልጅ ሳለሁ፣ ከገሳይ ከተማ በላይ ባለችው ማሳችን ላይ መብረቅ አንዱን በሬያችንን ገደለው። አባቴ የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲያርስ፣ በሬው ከወደቀበት ብዙም ሳይርቅ ማረሻው አንድ ጥቁር ባልጩት አወጣ፤ ጎንና ጎኑ እንደ ቢላ የተሳለ፣ ጫፉ የተሰበረ። ያኔ በአገራችን እንዲህ ያለውን ድንጋይ የመብረቅ ጥርስ ነው ይሉት፣ የተገኘበትንም መሬት ይፈሩት ነበር። አባቴ ቀንበሩን ፈቶ ተመለሰ። ከዚያች ማሳ በቀር ገብስ የምንዘራበት መሬት አልነበረንም።

ሲመሽ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እታለም ጥሩነሽ፣ መጡ። ተረት የሚነግሩን እሳቸው ነበሩ።

«አልዘራበትም፣ እታለም። መብረቁ ጥርሱን ጥሎበት ሄዷል» አላቸው አባቴ።

«በየማሳው እየጣለ፣ እስካሁን ድዱ ብቻ አልቀረም?» አሉና ባልጩቱን ወደ ኩራዙ አስጠግተው ግርጌውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እሳቱን ከበን ተረቱን ጀመሩልን። ብረት ሳይታወቅ አንድ ሰው ባልጩት ጠርቦ፣ ለማሰሪያ እንዲመች ግርጌውን አቅጥኖ፣ ከእንጨት ጋር በጅማት አስሮ ከወንድሞቹ ጋር አደን ወጣ። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው፣ በደረታቸው እየተሳቡ ወደ አንድ ድኩላ ቀረቡ። ሰውየው ወረወረ፤ ጫፉ አጥንት መትቶ ተሰበረ።

«ከዚያስ?» አልናቸው።

«ጫፉማ ድኩላው ውስጥ ቀረ።» ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ፣ ማረሻህ ቢሰበር ሞፈሩን ገደል ትሰደዋለህ?»

«ምን ሆኜ! ቤት ወስጄ ሌላ እገጥምበታለሁ እንጂ።»

«እሱስ ካንተ ያንሳል? እንጨቱን ቤቱ አምጥቶ፣ ስባሪውን ፈቶ እደጁ ጣለው። ማሳህ የሰው ደጅ ነበረች፣ ሞኙ! ልጆቹ እንደነዚህ እሳት ከበውባታል። በሬህን መብረቅ ገደለው፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው። ይኸ ግን የሰው እጅ ነው።»

አባቴ በማግስቱ ማሳው ላይ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ሲፈትሽ፣ እንጨት ሲጠረብ እንደሚረግፈው ያለ የጥቁር ባልጩት ፍቅፋቂ አገኘ። ቆሞ አማተበ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፣ በሬዎቹን ጠመደ። የዚያን ዓመት ገብስ በላን።

ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ያ ባልጩት የጠረበው ሰው በየትኛው ዘመን እንደኖረ አላውቅም። አሁን በቅዳሴ ካህኑ ያረፉትን ሲያስቡ፣ የአባቴንና የእታለምን የክርስትና ስም በልቤ ከጠራሁ በኋላ ትንሽ ቆም እላለሁ። ለዚያ ሰው የምጠራው ስም የለኝም። «ጌታ ሆይ፣ ከእኛ በፊት በዚያች ማሳ ልጆቹን ያበላውንም ሰው አስብ» እላለሁ፤ «አንተ ታውቀዋለህ።»