የከለከልኳት አበባ

«ውሃ ወሰደው!» አለኝ ቀርቀሃ የተሸከመው ሰውዬ።

ልጄን ፍለጋ ወደ ወንዙ ስወርድ መንገድ ላይ ያገኘሁት እሱን ነው። «ልጅ አላየህም? ማዶ ሄዳ ይሆን?» ብዬ ብጠይቀው፣ በጭንቅላቱ ወደ ኋላው እየጠቆመ እንዲያ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። «ወሰደው» ካለ ወንድ ነው፤ የኔዋ ሴት ናት፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው አልኩ በልቤ። «ወይኔ የእናቱ ነገር» ልል አፌን ስከፍት ግን ትዝ አለኝ። ይሄ ሰው የአገሩ ነባር፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። ገበያ ላይ ቀርቀሃ ሲሸጥልኝ «አንተ፣ ስንት ፈለግህ?» የሚለኝ እሱ ነው። ሚስቱንም ቢሆን «መጣ፣ ሄደ» ነው የሚላት። በእሱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ልጄም ብትሆን ያው «ወሰደው» ነው የምትባለው።

ሌላ ምንም አልጠየቅሁት። ጮኼ መሮጥ ጀመርኩ።

ዕለቱ እንቁጣጣሽ ነበር። የምንኖረው ከአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፋሪ አምባዎች በአንደኛው ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ወደ አርባው እየተጠጋሁ ነበር። ከወሎ በድርቁ ጊዜ ተጭነን መጥተን፣ ከሞት ተርፈን፣ ቤት ሠርተን ወልደን ከብደን ተቀምጠናል። ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነበር። ባንዲራው አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ወሬውም አዲስ። እኛ ሰፋሪዎች «ውጡ እንባል ይሆን?» እያልን እንፈራለን፤ ነባሮቹ ደግሞ «መሬታችንን ይዘውት ሊቀሩ ነው» እያሉ እኛን ይፈራሉ። ገበያ ላይ እንሳሳቃለን። ልጁን ወደ ወንዙ ማዶ የሚልክ ግን አልነበረም።

ባሌ ከሞተብኝ በኋላ ጸሎት ቤት ገባሁ። ወንጌላዊው ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጫማዬን ጭቃ ነካው የማይል፣ እርሻዬን ሰው አስተባብሮ ያረሰልኝ ሰው ነው። በመሠረተ ትምህርት የለቃቀምኳትን ፊደል መጽሐፍ ቅዱስ እስካነብ ያደረሰኝም እሱ ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ስለ በዓላት አስተማረን። ችቦው፣ አበባው፣ ሴቶች ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚዘፍኑት፣ ሁሉም ከክርስትና በፊት ፀሐይና ጨረቃ ያመልኩ ከነበሩ ሰዎች የመጣ ነው አለን። «ክርስቲያን የጣዖትን ልብስ አጥቦ አይለብስም» አለ። በእንቁጣጣሽ ቀን እኛ ጸሎት ቤት እንድንውል ተወሰነ።

ጎረቤቴ፣ በማርያም የምትምል ሴትዮ፣ ይህን ስትሰማ አጥር ላይ ተንጠልጥላ «እናንተ ጴንጤዎች ክረምቱንም ጣዖት ነው ብላችሁ ልታስቀሩት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። እሱ ከመጽሐፍ ያገኘውን እኔ ከደጃፋችን አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት ዘመን ሲለወጥ ገብስማ ዶሮ፣ ነጭና ጥቁሩ የተቀላቀለባት፣ ደጃፍ ላይ ትታረድ ነበር። መልኳን የሚያዘው ጠንቋዩ ነው። ቀይ ቢገኝ አይሆንም፣ ነጭ ቢገኝ አይሆንም። ደሟ ከመድረኩ ካልፈሰሰ ውቃቢው ይቆጣል፣ ከልጆች አንዱን ይወስዳል እንባል ነበር። ሳገባም ይዤው መጣሁ። ድርቁ ሁለቱን ታናናሾቼን ሲወስድ፣ ያን ዓመት ዶሮ ስለጠፋ ነው ብዬ አምኜ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጸሎት ቤት ስገባ ይህን በሰው ፊት አውጥቼ ተናገርኩ፣ አልቅሼም ተውኩት። ስለዚህ ወንጌላዊው በዓሉ ከየት እንደመጣ ሲናገር፣ እኔ የታየኝ የመድረኩ ደም ነው። አበባውንና ደሙን አንድ ላይ ጠቅልዬ ጣልኩት።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በማለዳ ተነሥታ፣ «እማ፣ ዝም ብዬ ከኋላ እሆናለሁ። አልዘፍንም። አበባውን ብቻ ልያዝላቸው» አለችኝ።

«አይሆንም ብያለሁ።»

«የቱ ጋ ነው ጣዖቱ?»

«አበባው ውስጥ ነው።»

«ፈትሼዋለሁ፣ የለም።»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት፤ መሳቄን እንዳታይብኝ ይበልጥ ተቆጣሁ። «ዛሬ አበባ ይዘሽ ባይሽ እዚህ ቤት እንዳትመለሺ!» አልኳት። ወንጌላዊው እንዲህ በይ አላለኝም። ከራሴ አፍ የወጣ ነው።

ጸሎት ቤት ሆነን ሁለተኛው ጸሎት ሲያልቅ ዞር ብል የለችም። ኋላ እንደሰማሁት፣ በአምባችን ብትዘፍን ከጸሎት ቤቱ ሰው አንዱ አይቶ ይነግረኛል ብላ ፈርታ፣ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ማንም ወደማያውቃት ማዶ ተሻገረች። አደይም የሚበዛው ማዶ ነው፤ ወደ ወንዙ የወረድኩትም ያን አስቤ ነው። የመከልከሌ ትርፍ ይኸው ነው፤ ጎረቤት ደጃፍ የሚያልቀውን ነገር ወንዝ አሻገርኩት።

ወንዙ ዳር ስደርስ ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ዛፍ እየገለበጠ ይወርዳል። ላይ አገር ዘንቦ ነበር። ድምፁ የራሴን ጩኸት አላሰማኝ አለ። እሥሩ ያልተፈታ የአደይ አበባ ከዳር ባለ የዛፍ ሥር ተይዞ ይንቀጠቀጣል። ያን ሳይ አእምሮዬ ሄደ። ተንበርክኬ፣ ስንት ወር በጸሎት ያሳለፈው አፌ፣ ወደ እግዚአብሔር አልተመለሰም። «የወንዙ ቆሌ ልጄን መልስልኝ! ገብስማ ዶሮ አመጣልሃለሁ፤ ደሟን ከዳርህ አፈስልሃለሁ!» እያልኩ መሬቱን በእጄ እደበድበው ጀመር። ልጄን አበባ ይዛ እንዳላያት የከለከልኩት እኔ፣ ራሴ ደም ተሳልኩ።

ቀና ስል ወንጌላዊው አጠገቤ ቆሟል። ጩኸቴን ሰምቶ የጸሎት ቤቱን የድንኳን ገመድ ጠቅልሎ ተከትሎኝ ኖሯል። ሰምቶኛል። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምለውን ሰው፣ «አንተ ነህ! ልጄን የበላሃት አንተ ነህ!» ብዬ ደረቱን ያዝኩት።

ፊቱ አመድ መስሏል። «የዶሮዋን ነገር በኋላ እንነጋገራለን፣ እናቴ። አሁን ገመዱን ይያዙልኝ» አለኝ። ጫፉን ዛፍ ላይ ሊያስር ይታገል ጀመር።

ያን ጊዜ ቀርቀሃ ሻጩ ሸክሙን ጥሎ እያለከለከ ደረሰ። እኔን አየ፣ ገመዱን አየ። «ምን ነው? ለምን ታለቅሳለህ?» አለኝ።

«ልጄን ውሃ ወሰደው አላልከኝም?»

«ልጅ? ልጅ አላልኩ! ይሄን ወሰደው!» እያለ ባዶውን ዳር አሳየኝ። ሁለት ግንድ ተጋድሞበት የምንሻገርበት ቦታ ነው። ግንዶቹ የሉም። «እኔ ተሻገርኩ፣ ዞርኩ፣ የለም! ወላሂ፣ ትንሽ ቀረኝ።»

«አበባውስ? ይሄ የማን ነው?»

እሱን አላወቀም። ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ በቋንቋው ወደ ማዶ ተጣራ። እኔ በእሱ ቋንቋ ውሃ እንኳ መለመን አልችልም፤ ስንት ዓመት ጎረቤት ሆኜ። ከማዶ የሴት ድምፅ መለሰ። «ሚስቴ ነው» አለኝ። «ልጅ አለ ይላል። ሦስት ልጅ። ቤት ገባ፣ ይበላል።»

«ወንድ ነው ሴት?» አልኩ፣ ክንዱን ይዤ።

«ሴት ልጅ ነው። አበባ የያዘው። በጣም ይዘፍናል።»

ወንጌላዊው መሬት ላይ ዘፍ አለ። እኔ ግን ገና አልዳንኩም ነበር። ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ ልጄ ከማዶው ሣር ውስጥ ብቅ አለች፤ ቀሚሷ እርጥብ፣ እጇ ባዶ። «እማ! አልደግምም! ልምጣ?» ስትል ነፋሱ ቆራርጦ አመጣልኝ። ቤቴ አትመለሺ ያልኳትን ይዛ ነው። «ተመለሺ! ወደ ኋላ!» ብዬ በእጄ አራገብኩላት። እሷ ቃሉን አልሰማችም፣ እጁን ነው ያየችው። የሚያባርር እጅና የሚጠራ እጅ ከሩቅ አንድ ነው። «ነይ» ያልኳት መሰላት፤ «ተመለሺ» የሚለውንም ብትሰማው ኖሮ፣ ወደ ቤት ተመለሺ ማለት ሊመስላት ነው። ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ከውሃው አገባች።

እጄን ባነሣው ትመጣለች፤ ባወርደው ተቆጣችኝ ብላ ትመጣለች። ቀርቀሃ ሻጩ ጮኸ። ከኋላዋ ሚስቱ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ እንደ ነብር ወርዳ የቀሚሷን አንገት ጨብጣ ወደ ኋላ ወረወረቻት። ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሴትየዋ ልጄን አንዴ በጥፊ አለቻትና አቀፈቻት። ያቺን ጥፊ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ወደ ላይ ዞረን፣ በባምባሲው መንገድ ባለው የመኪና ድልድይ ለመሻገር ግማሽ ቀን ሄድን፤ ሦስታችንም። በመንገድ ወንጌላዊው «ያስተማርኩት ስሕተት ነው አልልም። ግን ለልጅ እንዴት እንደሚነገር አላስተማርኩም» አለ። እኔም ስለተሳልኩት ዶሮ አነሣሁ። «ለማላውቀው የወንዝ ቆሌ ዕዳ አለብኝ?» አልኩት። «የለብዎትም» አለኝ። «ለልጅ የጮኸች እናት ማንን እንደጠራች እግዚአብሔር ያጣዋል ብለው ነው?»

ቀርቀሃ ሻጩ ቤት ስንደርስ፣ ሦስቱ ልጆች የተቀቀለ በቆሎ ይዘው ጎጆው ጥግ ተቀምጠዋል፤ ለባለቤቲቱ የሰጧት አደይም ከበሩ ተሰክቷል። ያ እሥር ከውሃው የገባው ግንዶቹን ሲሻገሩ ከጓደኛዋ እጅ አምልጦ ነው። ባለቤቲቱ ወንጌላዊውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ልጆቹ ነግረዋታል መሰለኝ።

«ሼኩ አንተ ነህ?» አለችው። «አበባ ሐራም ነው ያልክ?»

«አበባው ራሱ አይደለም» አለ እሱ፣ ተቀምጦ። «ድሮ ፀሐይና ጨረቃን የሚያመልኩ ሰዎች . . .»

«ጨረቃ? እኛም ጨረቃ አይተን ነው የምንጾም። ጨረቃን አንጾምለትም!» ብላ ሳቀች፤ ባሏም ሳቀ። ወንጌላዊው መልስ ነበረው፤ አፉን ሲከፍትም አይቻለሁ። ግን በቆሎ ሰጠችውና በላ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዒድህ ነው ዛሬ?» አለችኝ።

ያ ጥያቄ ከወንዙ ይልቅ ከበደኝ። አይደለም ብል ልጄን እንደገና ማባረር ነው። ነው ብል የተውኩትን ሁሉ ደጄ ላይ የምመልሰው መሰለኝ። ስለ ዶሮዋ አሰብኩ። እሷን የማርደው ስለምፈራ ነበር፤ ባላርድ ልጅ ይወሰድብኛል ብዬ። ልጄ አበባ ይዛ የሄደችው ግን ፈርታ አይደለም፤ የፈራችው እኔን ብቻ ነው። አበባውንም የሰጠችው ለሰው ነው፣ ለዚህች ሴት። ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ይከራከሩበት። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የምለየው የት እንደደረሰ ነው።

«አዎ፣ በዓላችን ነው» አልኳት። ወንጌላዊው ቀና ብሎ አየኝ።

ልጄ ከጥጉ አልተነሣችም ነበር። «እማ፣ ቤት ልመለስ?» አለች በቀጭኑ።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና እግሯን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እስኪሞቅ ያዝኩት። ውጪ ዝናብ ጀምሯል፣ ቤቱ አያፈስም፣ በሩ ተዘግቷል። «አንቺ ካለሽበት ነው ቤቴ» አልኳት። ልጄ በሕይወት አለች። እኔም ደርሻለሁ። ደህና ነን።