ለዘንዶው የሠራነው ቤት

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የየቢሮው ታፔላ ቀለም በቅጡ ሳይደርቅ እኔም ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ። ያ ዘመን ሲታወሰኝ ቀድሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ የነበሩት የበርታ ሽማግሌ ጆንያ አንጠልጥለው ቤተ ሙከራው በር ላይ የቆሙበት የሰኔ ጠዋት ነው።

«ኡስታዛ፣ ይህ ልጅ ነው። መርዝ የለውም» አሉኝ፤ መምህርትን «ኡስታዛ» ነው የሚሉት።

ለአንድ ቢሮ መሠረት ጫካ ሲመነጠር ገጀራ ያቆሰለው የዘንዶ ግልገል ነበር። ከክንዴ ብዙም አይረዝምም። ሠራተኞቹ ሊገድሉት ሲሉ ሽማግሌው አስጥለው አመጡት። የጎኑን ቁስል አጠብኩለትና እስኪድን ላቆየው ወሰንኩ።

ሣጥን ለማሠራት ገበያው ዳር ወዳለ አናጢ ሄድኩ። የወለጋ ሰው ነው፤ መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር ጣውላ የሚልገው።

«ለምን የሚሆን ሣጥን ነው?»

«ለእባብ።»

መላጊያውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ሣጥኑን እሠራልሻለሁ። እባቡ ያለበትን ቤት ግን አልረግጥም።»

ደብተሬ ላይ ሥዬ አሳየሁት። ፊቱ ከተሰበረ የቤተ ሙከራ ቁም ሳጥን የተረፈ መስታወት፣ ሌላው ጣውላ። አየር እንዲዘዋወር በአንዱ ጎን ከታች፣ በሌላው ጎን ከላይ ቀዳዳ ይኑረው አልኩት። ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ሸፈናቸው፤ የሽቦው ጫፍ እንስሳውን እንዳይቧጭረውም ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ለበጠው። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ሙቀቱ ላይ ግን ተሳሳትኩ። ዝናቡ በርትቶ ብርድ ስለነበር ሣጥኑ ውስጥ አምፖል አንጠለጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስከፍት የሆዱ ቅርፊት ተለብልቦ አገኘሁት፤ ለካ አምፖሉ ላይ ተጠምጥሞ ኖሯል። እያለቀስኩ አናጢው ጋ ሄድኩ። ኮቱን ደርቦ ተከተለኝ። ቤተ ሙከራው በር ላይ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ገባ።

«እሳትና ሕፃን አንድ ክፍል ውስጥ ይታሰራሉ እንዴ?» አለኝ፣ ከሩቅ እያየ።

በዚያው ቀን ከሣጥኑ አንድ ጫፍ ላይ በሽቦ የተከለለች ትንሽ ጓዳ ጨመረበት። አምፖሉን አወጣንና ጓዳው ውስጥ ሙቅ ውሃ የሞላ ጄሪካን በጆንያ ጠቅልለን አስቀመጥን። ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዘንዶው ሲሞቀው ይሸሻል፣ ሲበርደው ይጠጋል። ውሃውን ጠዋትና ማታ የሚለውጡት ሽማግሌው ነበሩ። ቴርሞሜትር ማንበብ አስተማርኳቸው፤ ገና ከግቢው በር ስገባ «ኡስታዛ፣ ዛሬ ሠላሳ!» ብለው ይጣሩ ጀመር።

አናጢውም መመላለስ አበዛ። «ጣውላው በእርጥበቱ ተጣሞ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው» ይላል። ጣውላው ምንም አልሆነም። አንድ ቀን መስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ለብቻው ሲያንጎራጉር ደረስኩበት።

ዘንዶው ግን እህል አልቀምስ አለ። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ አናጢው ከሱቁ ያጠመደውን አይጥ በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ሦስታችንም መስታወቱ ፊት ተቀመጥን። ዘንዶው ቀስ ብሎ አንገቱን አነሳ፣ ያዘው፣ ዋጠው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሽማግሌው።

«ጌታ ይመስገን!» አለ አናጢው፣ እኩል።

ተያዩና ሳቁ። እኔም አሶሳ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ከልቤ ስቄ አላውቅም።

መስከረም ላይ ቁስሉ ሽሮ ጠባሳ ብቻ ሲቀር፣ በሆሞሻ መንገድ ወዳለ ወንዝ ወሰድነው። ሁለቱ ሣጥኑን ግራና ቀኝ ያዙ፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ። መቀርቀሪያውን የከፈተው አናጢው ራሱ ነው። ዘንዶው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። በኋላ እንደ ውሃ ፈስሶ ሳሩ ውስጥ ገባ። ስንመለስ መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት የበቆሎ እሸት ገዝተን ቆመን በላን።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ግልገል በለስ ተዛወርኩ፤ ሁለቱንም ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ዘንዶውን ባስታመምኩበት ክረምት አገር ቤት ባለመሄዴ እናቴ ብዙ ጊዜ ወቅሳኛለች። «ለመሆኑ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ስትለኝ ከየት ጀምሬ እንደምነግራት ይጠፋኝና «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላታለሁ።