ለዑራኤል የተሳለው የሮዲዮ ዘውድ

ዘውዱ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከአንድ ጣሳ ቲማቲም አይበልጥም። እሱም ያው ቆርቆሮ ነው፤ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ዓይኑ ሰማያዊ ብርጭቆ የሆነ ፈረስ የተገተረበት። ጭንቅላት ላይ እንኳ አይደፋም። ነጭ ባርኔጣ ግንባር ላይ በሁለት ብሎን ይታሰራል። በዚህ ቆርቆሮ አንድ ዓመት ሙሉ የነገሠችው ፀዲ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው፤ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራለች። በረራው የዘገየበት ሁሉ እሷ ያዘገየችው ይመስል ይጮህባታል፤ እሷም የክፍል ቁልፍ ትሰጠዋለች።

ሮዲዮ በሬ ሰው የሚጥልበት፣ ሰው ጥጃ የሚጥልበት፣ ሕዝቡ ቢራውን ይዞ የሚያጨበጭብበት የአሜሪካ ገጠር ድግስ ነው። ነገሥታትን አባርሮ የተመሠረተ አገር፣ በየካውንቲው፣ በየወረዳው እንደማለት፣ «ፌር» በሚሉት ዐውደ ርዕይ ለዚህ ድግስ ንግሥት ይሾማል። የንግሥቲቱ ሥራ የጎማ ቤትና የመድን ድርጅት ባንዲራ ይዞ ሜዳውን በግልቢያ መዞር፣ እጅ ማውለብለብና ፈገግ ማለት ነው። ፈገግታው ደርቆ ከንፈሯ ድዷ ላይ እንዳይጣበቅ ጥርሷን ቫዝሊን ትቀባለች። ሦስተኛው ወር ላይ ፀዲ ፊቷ ፈገግ ማለቱንና አለማለቱን መለየት ተሳናት። እጇን ልካ ጉንጯን እየዳሰሰች ነበር የምታውቀው።

ሐበሻ በበዛበት በፌርፋክስ ሰፈር ያደገች ልጅ ፈረስ ላይ ምን አወጣት ያለ እንደሆነ፣ እናቷን ይጠይቅ። ወሰንየለሽ በዲቪ መጥታ ሥራዋ አሮጊት መጦር ነበር። ከከተማው በስተሰሜን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሚስ ሩት የምትባል ፈረስ ያላት አሮጊት ደረሰቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇን የምትተውበት ስለሌላት ይዛት ትሄዳለች። እናት አሮጊቷን ስታጥብ ልጅ ፈረሱን ታጥባለች። ፈረሱ የአሜሪካ ስም አለው፤ ወሰንየለሽ ግን በመልኩ ዳማው ብላ ጠራችው፣ ስሙም ጸናበት። ሚስ ሩት ባለፈው ክረምት ሞተች። ልጇ ዐውደ ርዕዩ እንዳለቀ ዳማውን ሊሸጠው ተዋውሏል።

ፀዲ ከዚህ ሁሉ ንግሥና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስንብት ዙሩን። የአንዷ ንግሥት ዓመት ሲያልቅ፣ ዘውዷን ለተተኪዋ ከማስረከቧ በፊት፣ ሜዳው ጸጥ ይልና ብቻዋን አንድ ጊዜ ትዞራለች። ባንዲራ አይሰጣትም፣ የማንም ጎማ አይታወጅም። ሁለቱም እጆቿ ልጓሙ ላይ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አንድ እጇ የነጋዴ ነበር፤ ከዳማው ጋር በሁለት እጇ የምትሰናበተው ያን ጊዜ ነው። ይህን ለእናቷ ነግራታለች። እናቷም ሰምታ ነበር፤ ጆሮዋ የያዘው ግን «ዘውድ» የሚለውን ብቻ ነው።

ምክንያቱም ወሰንየለሽ ተስላለች። አምና ልጇ ስትወዳደር፣ ካነገሥክልኝ ዘውዷን ከነክብሩ ለአንተ አስገባለሁ ብላ ለዑራኤል ተሳለች። ሌላው ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፤ እሷ የካውንቲ ንብረት ተሳለች። ክፋት የለበትም። ራስ ላይ የተደረገ ዘውድ ተመላሽ ዕቃ ነው ብሎ ለማሰብ እዚሁ መወለድ ያስፈልጋል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወሰንየለሽ፣ ልጅቷ በቃ ከእንግዲህ አታደርገውም ብላ፣ ባርኔጣውን ከካርቶኑ አወጣች፣ ብሎኖቹን በቢላዋ ጫፍ ፈታች።

የዑራኤል በዓል፣ ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ ማክሰኞ ቢውልም እዚህ አገር ታቦት የሚነግሠው በእሑድ ነው፤ መላእክትም የሥራ ቀን ማክበር ለምደዋል። ፀዲ የዚያን እሑድ ሺፍት ነበራት። የእናቷን ስእለት ያየችው ሰው በላከላት ቪዲዮ ነው። ዘውዱ በቀይ ከፋይ ላይ ተቀምጦ በሕዝቡ መሐል ያልፋል፣ ማይክሮፎን የያዘው ሰው የባለ ስእለቷን ስም ያነባል፣ አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። ዘውዱን ተቀብለው ስመው ግንባራቸውን ያስነኩት ጋሼ ግዛው ናቸው።

ጋሼ ግዛው የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው። በስድሳ ስድስቱ አብዮት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ «ዘውድ ይውደም» የሚል ወረቀት ሲበትኑ ተይዘው ሦስት ወር ታስረዋል። ይህን ፌርፋክስ ላይ ያልሰማ ሰው የለም፤ መንገድ ዳር የተተከሉት የፓርኪንግ ሜትሮችም ሳይሰሙት አልቀሩም። ታግለው የጣሉት ዘውድ ኀምሳ ዓመት ውቅያኖስ ለውቅያኖስ ተከትሏቸው መጥቶ፣ በቆርቆሮ ተመስሎ ይኸው እጃቸው ገባ። ዕቃ ቤት ቆለፉበት። ቁልፉን ቀበቷቸው ላይ አንጠለጠሉ።

ፀዲ እናቷን አልጮኸችባትም። የዕቃው ባለቤት ሌላ መሆኑን፣ ፈርማ መውሰዷን፣ ቅዳሜ ካልመለሰች ዙሩ እንደሚቀርባት በዝግታ ነገረቻት። 

«ንግሥት በሕይወት እያለች ዘውዷን የምትመልሰው ምን አጥፍታ ነው?» አለች ወሰንየለሽ።

ስእለቴን መልሱልኝ ብላ እንድትጠይቅ ግን አንገቷን ቢቀሏት እሺ አላለችም። ከመልአክ እጅ የተነጠቀ በልጄ ይመጣብኛል አለች። ፀዲ መናደድ እንዳለባት ገብቷታል። ቁጣው ግን እንደ ሆቴሏ እንግዶች በረራ ነው፤ ሰዓቱ ይገፋል እንጂ አይደርስም።

ረቡዕ ጋሼ ግዛውን ፌርፋክስ ላይ፣ ምግብ ቤት ደጃፍ፣ ማኪያቷቸውን ሲያማስሉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ዘውዱን ስጠኝ። ቅዳሜ መመለስ አለብኝ።»

«ስጠኝ»ን እንደ ዝንብ በእጃቸው አባረሩት፤ እዚህ የተወለደ ልጅ አንቱ አይወጣለትም። «ለማን ነው የሚመለሰው?» አሉ።

«ለፌሩ። የነሱ ነው እኮ፣ ፈርሜበታለሁ።»

«ልጄ፣ ታቦት ፊት የገባ አይወጣም። በማይክ ተነግሯል፣ ሕዝቡም እልል ብሏል።»

«ሶ፣ ሕዝቡ እልል ካለ የሰው ዕቃ የኛ ይሆናል?»

«የዑራኤል ይሆናል» አሉ ጋሼ ግዛው። «ደግሞስ ከማን ነው የተወሰደው? የሰፊውን ሕዝብ ላብ መጦ ከከበረ የጎማ ነጋዴ አይደለም?»

የጎማ ነጋዴው ባንዲራ እንጂ ዘውድ እንዳልሰጠ ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው። ቄስ ዘርዓብሩክ ዘንድ ሄደች። ቄሱ በሰው ገንዘብ ስእለት አይሆንም፣ መመለስ ነው የሚገባው አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መስቀሉ በቄሱ እጅ ነው፣ ቁልፉ ግን በሰበካው፤ ቄሱንም የቀጠረው ሰበካው ነው። ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስብሰባ እንደሚጠራበት ተነገራት።

ቅዳሜ ወሰንየለሽ ክርስትና እንደተጠራ ሰው ለብሳ በጋሼ ግዛው መኪና ወደ ዐውደ ርዕዩ መጣች። ፀዲ አስቀድማ ደርሳ ዳማውን ቦርሻ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ ቆማለች። የባርኔጣው ግንባር ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ዶና የምትባለው የንግሥቶቹ አለቃ ቀዳዳዎቹን አየች።

ተሰረቀ ወይ ብላ ጠየቀች። ፀዲ አልተሰረቀም፣ ተሰጠ አለች። ለማን ሲባል፣ ለመልአክ። ዶና ሠላሳ ዓመት ንግሥት ስታሰለጥን ብዙ ሰበብ ሰምታለች፤ ይኼኛውን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ሄዳ የመኪናዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፈተች። ከውስጥ አንድ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ አምስት ዘውዶች፣ አምስት ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ፈረሶች። በጅምላ ሲገዙ ይረክሳሉ። አንዱን ለአዲሷ ንግሥት መዝዛ ወሰደች።

ፀዲ ካርቶኑን አየችው። ዘውዱ ለማንም ምንም አልነበረም ማለት ነው። ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ዘውዷን ያላስረከበች የስንብት ዙር የላትም አለች ዶና፣ በፀዲ ፊርማ ላይ ጣቷን አሳርፋ። ክፉ ሴት አይደለችም። ተመልሳ መጥታ ባንዲራ ከሚይዙት ልጆች አንዷ መታመሟን ነገረቻት፤ ፈረሱ ተጭኗልና የጎማ ቤቱን ባንዲራ ትይዝ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ኦኬ» አለች ፀዲ።

ጥርሷን ቫዝሊን ቀባች። በር ሲከፈት ዳማው የሚያውቀውን ያህል ጋለበ፤ ጆሮዎቹን ወደ እሷ መለስ፣ ወደ ፊት መለስ እያደረገ። ግራ እጇ ልጓሙ ላይ፣ ቀኝ እጇ ጎማው ላይ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው አራት የገዛ አንድ በነፃ እያለ ያውጃል። ከሰው መሐል አንዲት እልልታ ብቻዋን ወጣች። ወሰንየለሽ ናት፤ የልጇ ዙር ይኸው የመጣ መስሏታል።

ሲወጡ የሚስ ሩት ልጅ የፈረስ መጫኛ ተጎታቹን አስጠግቶ እየጠበቀ ነበር። ፀዲ ኮርቻውን አውርዳ ዳማውን አስረከበችው። ወሰንየለሽ ደርሳ አቀፈቻት።

«አየሽ» አለቻት፣ «ያለ ዘውድም አስጋለቡሽ። ዑራኤል አያሳፍርም አላልኩሽም?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አንቺ ደግሞ አታስቢ» አሉ ጋሼ ግዛው፣ ቀበቷቸውን መታ መታ አድርገው። «ዘውዱ በደህና ቦታ ነው።»

ተጎታቹ ሲንቀሳቀስ ፀዲ ጉንጯን ዳሰሰች። ፈገግ ብላለች። ቫዝሊኑን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ነገ ሺፍቷ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ለማየት ስልኳን አወጣች።