ከማንደፍሮ ጀርባ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መሻሬን። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ ቀለለኝ ብዬ ወጣሁ። ቀሪውን ግማሽ ግን ዋጥኩት። እስከ ዛሬ የሚያንቀኝ እሱ ነው።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስንማር እኔና ማንደፍሮ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እሱ ከራቤል፣ እኔ ከቀየት። የብስክሌት ፍቅር ሁለታችንንም ይዞን ነበር። በሁዳዴ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ዙሪያ የብስክሌት ውድድር ተዘጋጀ፤ አንደኛ የወጣው ደብረ ብርሃን ሄዶ ለዞኑ ይወዳደራል ተባለ። የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንደፍሮን አባቱ ለእርሻ ይፈልጉት ነበርና ካልተመረጠ ትምህርቱን ትቶ እንዲመለስ ቆርጠውበት ነበር። ይህን አውቅ ነበር።

የመንዝን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል። ፊት ለፊት ሲመጣ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲቀበል፣ ከኋላው የተጠጋው እያረፈ ይነዳል። ስለዚህ ተማማልን፦ አንድ ዙር እሱ ይመራል፣ አንድ ዙር እኔ፤ የመጨረሻው ዙር ላይ እያንዳንዳችን እንደ ጉልበታችን። ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾም ነበር። የውድድሩ ቀን ጠዋት እሱ ኪዳን ሊያደርስ ሲሄድ እኔ በር ዘግቼ የገብስ ቂጣ በላሁ። ጠግቤ ወጣሁ።

ሌሎቹን ጥለን ሁለታችን ስንቀር የመምራት ተራዬ ደረሰ። «ጾሙ ጎዳኝ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አልኩት። ድምፄን ሳይቀር አደከምኩት።

«አይዞህ ወንድሜ» አለኝ ዞር ብሎ። «ከኋላዬ ብቻ አትለይ። ነፋሱን ለኔ ተወው።»

ተውኩለት። የራሱንም ዙር የኔንም ዙር በባዶ ሆዱ መራ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ አየሁ፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁ። አዝኛለሁ፤ ታዲያ ሐዘኔ ምን ፈየደለት? የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከጀርባው ወጥቼ አለፍኩት።

ደብረ ብርሃን ሄጄ የረባ ነገር አልሠራሁም። ከፊቴ ማንደፍሮ አልነበረማ። እሱም ደብተሩን ጠቅልሎ ራቤል ገባ።

ከዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በግ ሊሸጥ ከሚስቱ ጋር መጥቶ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። «ይኸውልሽ የምነግርሽ ሰው» አላት፤ «ጾም ጥሎት እያለ ያሸነፈኝ።» እንደ ወንድሙ ጀብዱ ነበር የሚያወራው። ያኔ መናገር ስችል ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አሁንም ነፋስ ሲነሳ ያ በላብ የራሰ ሸሚዝ ይናፍቀኛል። ከዚያ ወዲህ ማንም እንደዚያ ከልሎኝ አያውቅም። ራቤል ወርጄ ይቅር በለኝ እንዳልለው የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ፤ «አይዞህ ወንድሜ» ነው የሚለኝ። ይህንንም ሸክም እንደ ነፋሱ ለሱ ልተውለት?